ደመወዝ ባለበት ቆሞ ቤንዚን ሲጨምር፦ ድሬዳዋ ላይ ወደ ሥራ በምን መሄድ ያዋጣል?

ሐምሌ 2014 ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን በአዲስ አበባ ማደያዎች 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። መስከረም 2017 መጨረሻ ላይ 91 ብር ከ14 ሳንቲም ደረሰ። ሦስት ወር ቆይቶ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። የየከተማው ዋጋ በማጓጓዣ ሂሳብ ትንሽ ይለያያል እንጂ ጭማሪው ለሁላችንም እኩል ነው የደረሰን።

ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። ቤንዚንና ናፍጣ ሙሉ በሙሉ ከውጭ ነው የሚገባው፣ ያውም በዶላር ተገዝቶ። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ጀመረ። ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ። የዓለም ዋጋ ባይነቃነቅ እንኳ ብር ሲወርድ ያው ሊትር ይወደዳል።

ደመወዝ ግን በዚህ ፍጥነት አይሄድም። መስከረም 2018 ላይ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። የግል ድርጅት ሠራተኛው ይህ እንኳ የለውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል፤ አዋጁ ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም ዝቅተኛው ደመወዝ ሳይቀመጥ ቆይቷል። ስለዚህ ከሳቢያን ከዚራ፣ ከገንደ ቆሬ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ከመልካ ጀብዱ መጋላ የሚመላለስ ሰው ዋጋውን መቀየር አይችልም። መቀየር የሚችለው የሚሄድበትን መንገድ ነው። ይህ ጽሑፍ ምርጫዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው ለማን እንደሚያዋጣ ያያል።

መጀመሪያ የወሩን ሂሳብ አውጡ

ብዙዎቻችን ትራንስፖርትን የምናስበው በጉዞ ነው። “15 ብር ምንድን ነች?” እንላለን። ደመወዝ የሚከፈለው ግን በወር ነው፤ ሂሳቡም በወር መሠራት አለበት። በሕጉ መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ነው፤ ብዙ ድርጅት ስድስት ቀን ያሠራል። ይህም በወር ወደ 26 ቀን ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሩን በራሳችሁ ሰፈር ታሪፍ ተኩት። አንድ ባጃጅ 15 ብር ቢሆንና ሁለት ባጃጅ የምትይዙ ብትሆኑ፣ መሄጃ 30፣ መመለሻ 30፣ በቀን 60 ብር ነው። በ26 ቀን 1,560 ብር። ደመወዛችሁ 6,000 ከሆነ ከአራት እጅ አንዱን በልጦ ሄደ ማለት ነው። ለዚያውም ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ ምሳ። ድሬ ላይ ምሳ ቤቱ በልቶ፣ ፀሐዩን አሳልፎ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። ያ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ሳይሆን አራት ጊዜ ነው የሚጓዘው። ሰፈሩ ቅርብ ሆኖ አንድ ባጃጅ ብቻ ቢበቃው እንኳ ወጪው ያው 1,560 ይሆናል። ምሳ ቋጥሮ መሄድ ከሁሉም በፊት የሚሞከር ነገር ነው። ጉዞውን በግማሽ ይቀንሰዋል፤ ሌላ ምንም መለወጥ ሳያስፈልግ።

ባጃጅ፦ በሰው ወይስ በኮንትራት?

ድሬዳዋ የባጃጅ ከተማ ናት። ሰው የሚያውቀው ሁለቱን መንገድ ነው፤ ከሌላ ተሳፋሪ ጋር ተጋርቶ መሄድ ወይም ብቻውን ኮንትራት መያዝ። ኮንትራት ለደመወዝተኛ የዕለት አማራጭ አይደለም። ሕመምተኛ ሲኖር፣ ዕቃ ሲኖር፣ ሲመሽ ይያዛል፤ በቃ።

በመካከላቸው ግን ሦስተኛ መንገድ አለ፤ የወር ኮንትራት በጋራ። አንድ ሰፈር የሚኖሩና አንድ አካባቢ የሚሠሩ ሦስት ሰዎች አንድ ባለ ባጃጅ በወር ይይዛሉ። ጠዋት ከደጅ ይወስዳቸዋል፣ ማታ ይመልሳቸዋል። ለወሩ 4,200 ብር ቢስማሙ ለእያንዳንዱ 1,400 ይደርሰዋል። ከላይ ካየነው 1,560 ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሁለት ባጃጅ መቀየር ቀረ። ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጅ ሁሉ ማደያ በተሰለፈበት ቀን መንገድ ላይ ቆሞ መቅረትም ቀረ። ዘግይቶ ገብቶ ደመወዝ መቆረጥም እንዲሁ።

ይህ የሚሠራው ግን ውሉ ግልጽ ሲሆን ነው። በቃል የተጀመረ የጋራ ኮንትራት ሁለተኛው ወር ላይ ሲፈርስ አይቻለሁ፤ የሚፈርሰውም በሦስት ነገር ነው። አንዱ ቤንዚን ሲጨምር ነው። ሹፌሩ በወሩ አጋማሽ “ጨምሩልኝ” ይላል፣ ተሳፋሪው “ተስማምተናል” ይላል። መፍትሔው ከመነሻው ነው፦ የወሩ ዋጋ እስከ ወሩ መጨረሻ አይነካም፤ የማደያ ዋጋ ከተለወጠ በሚቀጥለው ወር በምን ያህል እንደሚስተካከል አስቀድሞ ይወሰናል። ሁለተኛው የአንዱ መቅረት ነው። ከሦስቱ አንዱ ፈቃድ ቢወጣ የእሱን ድርሻ ማን ይከፍላል? እኔ የምመክረው ቢቀርም እንዲከፍል ነው፤ አለበለዚያ ሸክሙ በሁለቱ ላይ ይወድቃል። ሦስተኛው የባጃጁ መበላሸት ነው። ሹፌሩ ጓደኛውን ይልካል ወይስ የዚያን ቀን ይቀነሳል? ይህም ቀድሞ ይነገር።

አራተኛ ሰው ከፊት ደርቦ ወጪ ለመቀነስ የሚሞክሩ አሉ። አትሞክሩት። ከሕግም ከደኅንነትም አያዋጣም።

ስለ ሹፌሩ አንድ ነገር ልበል። አብዛኛው የባጃጅ ሹፌር ባጃጁ የራሱ አይደለም። በየቀኑ ለባለቤቱ የሚያስገባው ገንዘብ አለ፣ ቤንዚኑን ደግሞ ራሱ ይቀዳል። ማደያ ተሰልፎ ሲውል የቀኑ ገቢ አይቀነስለትም። በኃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ከገዛ ደግሞ ከማደያ ዋጋ በላይ ከፍሎ በታሪፍ ሊጭነን ነው። ጠዋት ላይ የምንጨቃጨቀው ሰው እንደ እኛው ኑሮ የከበደው ሠራተኛ ነው። የወር ኮንትራት እሱንም ይጠቅመዋል፤ ቢያንስ ጠዋትና ማታ የተረጋገጠ ሥራ አለው። ይህን አስባችሁ ተደራደሩ፤ ስምምነቱ የሚቆየው ለሁለቱም ሲሆን ነው።

ሰርቪስ ያለው ሥራ ወይስ ደመወዙ ከፍ ያለው?

ፋብሪካ ወይም ትልቅ ድርጅት ለመግባት የምታመለክቱ ከሆነ፣ ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያወጣው ጥያቄ ይህ ነው። ጠያቂ ግን ጥቂት ነው። ሰው የሚጠይቀው “ደመወዙ ስንት ነው?” ብቻ ነው።

ሁለት ሥራ ቀረበላችሁ እንበል። አንዱ 7,500 ይከፍላል፣ ሰርቪስ የለውም። ሌላው 6,800 ይከፍላል፣ ሰርቪስ አለው። በወረቀት የመጀመሪያው በ700 ይበልጣል። ግን ከ700ው ላይ ግብር ይቀነሳል፣ የሠራተኛው 7 በመቶ ጡረታም ይቀነሳል። እጅ የሚገባው ከ700 በታች ነው። የትራንስፖርት ወጪያችሁ 1,560 ከሆነ ሰርቪስ ያለው ሥራ በወር ከ860 ብር በላይ ያተርፋችኋል። ቤንዚን በጨመረ ቁጥር ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል፤ የነዳጁን ጭማሪ የሚሸከመው ድርጅቱ ነውና።

ሌላው ከገንዘብ ያለፈ ጉዳይ ነው። አዋጅ 1156/2011 ሠራተኛው ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ባዘጋጀው መጓጓዣ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የሚደርስበትን ጉዳት በሥራ ላይ ከደረሰ አደጋ ይቆጥረዋል። ሕክምናና ካሳ መጠየቅ ይቻላል ማለት ነው። በራሳችሁ ከፍላችሁ በተሳፈራችሁበት ባጃጅ ላይ ግን ይህ ሽፋን አብሯችሁ አይሄድም። ሌሊት ፈረቃ ለሚገቡ፣ በተለይ ለሴት ሠራተኞች፣ ይህን ከ700 ብር ጋር ማወዳደር እንኳ አይገባም።

በተቃራኒው የሚነሳም እውነት አለ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የሥራ ስንብት ክፍያ፣ ጡረታ፣ ሁሉም የሚሰላው ከደመወዝ ነው። ትርፍ ሰዓት የሚበዛበት ሥራ ከሆነና ሰፈራችሁ ለእግር ቅርብ ከሆነ፣ ከፍ ያለው ደመወዝ ሊያሸንፍ ይችላል። ሩቅ ሰፈር ላለ ግን ሰርቪሱ ይሻላል። እዚህ ላይ አላመነታም።

ሰርቪስ አለ ሲሏችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። የት ሰፈር ድረስ ይመጣል? ትርፍ ሰዓት ሠርቼ ስወጣስ አለ? መልሱ “ዋናው አስፋልት ድረስ” ከሆነ እስከዚያ የምትከፍሉትን ባጃጅ ወደ ሂሳቡ መልሱት። ሠራተኛ ማኅበር ያለበት ድርጅት ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ሰርቪስ በኅብረት ስምምነት ላይ ሊቀርብ የሚችል ጥያቄ ነው። የደመወዝ ጭማሪ አልሆን ሲል ሰርቪስ ወይም የትራንስፖርት አበል መጠየቅ ለአሠሪውም ለመስማማት ይቀለዋል።

እግርና ብስክሌት

ድሬ ሜዳ ናት። ከዚራ ጥላ አለው፣ መንገዱም ሰፊ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከለገሀሬ ወይም ከሳቢያን ተነስቶ በእግር ከዚራ መግባት የሚያስቸግር አይደለም። የሚያስቸግረው ቀትር ነው፤ በግንቦትና በሰኔ ደግሞ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይም ሙቀቱ ገና አልበረደም። ስለዚህ ሁለቱን ጉዞ አንድ ዓይነት ማድረግ የለብንም። ጠዋት በእግር፣ ማታ በባጃጅ የሚሄድ ሰው ወጪው በግማሽ ይቀንሳል። ሁለት ባጃጅ የሚይዝ ደግሞ አጭሩን ጉዞ በእግር አድርጎ ረጅሙን ብቻ ሊከፍል ይችላል። 1,560 የነበረው 780 ይሆናል። ለብዙ ሰው ከሁሉ የሚሻለው ይህ ቅልቅል ነው እላለሁ፤ ዕቃ መግዛት የለው፣ ብድር የለው።

የደቻቱን ደረቅ ወንዝ በአሸዋው አቋርጠው ለሚያሳጥሩ ግን አንድ ቃል። ክረምት ላይ በድልድዩ ሂዱ። ዝናቡ የሚዘንበው ደጋው ላይ፣ በደንገጎ በኩል ነው፤ እኛ ጋ ሰማዩ ጠርቶ ጎርፉ ሊመጣ ይችላል። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። 15 ብርም፣ አሥር ደቂቃም ይህን አያክልም።

ብስክሌት ለድሬ የሚስማማ ነገር ሆኖ ሳለ ትልቅ ሰው ሲነዳው ይታፈራል። የደመወዝተኛን ኪስ የሚጎዳ ሐፍረት ነው። ያገለገለ ብስክሌት የወራት የባጃጅ ሂሳብ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጎማና ፍሬን ብቻ ነው የሚጠይቀው። አሠሪያችሁ ጋ በጥላ ሥር የሚታሰርበት ቦታ መኖሩን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ሌብነትም ፀሐይም አለ።

ሞተር መግዛትስ?

“በየቀኑ ለባጃጅ ከምከፍል ሞተር ገዝቼ ልገላገል” የሚል ሰው ብዙ ነው። እናስላው። መሄጃ 10፣ መመለሻ 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን በ26 ቀን 520 ኪሎ ሜትር ነው። ትንሽ ሞተር በአንድ ሊትር 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 13 ሊትር ይፈልጋል። ሊትሩ በ120 ብር ቢታሰብ 1,560 ብር። ቤንዚኑ ብቻ ከሁለቱ ባጃጅ ሂሳብ ጋር እኩል ሆነ። ዘይት፣ ጎማ፣ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን ገና አልተነሱም። መግዣውም እንደዚያው። ማደያ የምትሰለፉበት ጊዜም አለ። በብድር ወይም በዕቁብ የቤንዚን ሞተር መግዛት፣ ሞተሩ ራሱ ገቢ ካላስገባላችሁ በስተቀር፣ ዛሬ የሚያዋጣ አይደለም።

የኤሌክትሪክ ሞተር ሂሳቡ ሌላ ነው። ለዚያው 520 ኪሎ ሜትር የሚፈጀው ወደ 20 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። የመብራት ታሪፍም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ቢሆንም ከቤንዚኑ ጋር አይወዳደርም። የሚያዋጣው ግን ለሁሉም ሰው አይደለም። ተከራይ ከሆናችሁ መጀመሪያ የሚጠየቀው አከራይ ነው። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ “ሞተር እየሞላህ” የሚል ጠብ መምጣቱ አይቀርም። ቀጥሎ ባትሪውን ጠይቁ። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ የእርሳስ ባትሪ ናቸው፤ የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ሙቀት ያሳጥረዋል፣ የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ሊቲየም ውድ ቢሆንም ዕድሜ አለው። የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ሳትጠይቁ ሞተሩን አትግዙ። ሥራ ቦታ ላይ መሙላት ከተፈቀደላችሁ፣ የራሳችሁ ቆጣሪ ካላችሁና መግዣውን ያለ ብድር ከቻላችሁ፣ ከቤንዚኑ ሞተር በእጅጉ ይሻላል።

ቤት መቀየር

ኪራይና ትራንስፖርት አንድ ወጪ ናቸው። ለየብቻ ስናያቸው ነው የምንሳሳተው። ዳር ላይ ያለ ርካሽ ቤት ርካሽ የሚሆነው ወደ ሥራ የሚሄድበት ሲደመር ነው።

ሥራ አጠገብ ያለው ቤት በወር 1,500 ብር ቢወደድና ከቤቱ የሚሠራው አንድ ሰው ብቻ ቢሆን፣ የሚተርፈው 1,560 ነው፤ ለ60 ብር ብሎ ዕቃ ማጋዝ ትርጉም የለውም። ባልና ሚስት ሁለቱም ወደ አንድ አካባቢ የሚሠሩ ከሆነ ግን 3,120 ይተርፋል፤ ኪራዩን ከፍለው ከ1,600 በላይ እጃቸው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ብቻውን የሚሠራ ሰው ባለበት ቆይቶ ምሳውን ቋጥሮ፣ ጠዋት በእግር ሄዶ ወጪውን ቢቀንስ ይሻለዋል። ሁለት ደመወዝ ያለበት ቤት ግን መቅረቡን በደንብ ያስብበት። ልጆች ካሉ ትምህርት ቤታቸውን ወደ ሂሳቡ አስገቡ። እናንተ ወደ ሥራ ቀርባችሁ ልጆቹ ባጃጅ የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ወጪው ቦታ ቀየረ እንጂ አልቀነሰም።

ሐረር እየኖሩ ድሬ የሚሠሩ፣ ወይም ድሬ እየኖሩ ሐረር የሚሠሩም አሉ። መንገዱ ወደ 55 ኪሎ ሜትር ነው፣ የደንገጎ ዳገትም አለው። በየቀኑ መመላለስ ከመደበኛ ደመወዝ ጋር አይሄድም። አዋጪው ከሥራ ባልደረባ ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ በሳምንት አንዴ ወደ ቤት መመለስ ነው። ከቤተሰብ መራቁ ቀላል አይደለም፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ተነጋግሮበት የሚወሰን ነገር ነው።

ማእድ ቤት ውስጥ ያለው ነዳጅ

ላምባም ከቤንዚንና ከናፍጣ ጋር አብሮ ነው የጨመረው። በላምባ ምድጃ የሚያበስል ቤት ወደ መብራት መዞሩ ያዋጣዋል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው፤ በወር ጥቂት የሚጠቀም በዝቅተኛው ዋጋ ነው የሚታሰብለት፤ ፍጆታው ሲበዛ ዋጋውም ከፍ ይላል። 1,500 ዋት የሆነ ምድጃ አንድ ሰዓት ቢሠራ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ከሰል መብራት ለሚጠፋበት ቀንና ለቡና ይቆይ።

ግቢ ውስጥ አራት አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀም ከሆነ ግን የሁሉም ፍጆታ ተደምሮ ነው የሚቆጠረው፤ ዝቅተኛውን እርከን ቶሎ ያልፋል። ሂሳቡ ከፍ ባለ ዋጋ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም በነፍስ ወከፍ እኩል ይከፈላል። አምፖል ብቻ የሚያበራው የምድጃውን ይከፍላል ማለት ነው። ለዚህ የሚሻለው ለእያንዳንዱ ክፍል ትንሽ የውስጥ ቆጣሪ ማስገባት ነው፤ ተከራዮች ተዋጥተው ኤሌክትሪሻን ቢያመጡ አከራይ ብዙ ጊዜ አይቃወምም። ንባቡን በየወሩ መጀመሪያ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ሁሉም ባለበት ሂሳቡን አካፍሉ።